ስንት በመቶ እገባለሁ?

ሰው አንድ ቤት ወይ ይገባል ወይ ደጅ ይቀራል፤ ሦስት ነጥብ አራት በመቶ የገባ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ሆኖም በየዓመቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ለአሜሪካ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክት ወጣት ሁሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኑር አዲስ አበባ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የእኔ ዕድል ስንት በመቶ ነው?» ጥያቄው ብቻውን አይመጣም፤ ጓዙን አስከትሎ ነው። ጂፒኤ 3.97፣ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው በኤስ.ኤ.ቲ. 1540፣ የክርክር ክበብ ፕሬዚዳንት፣ የሮቦቲክስ ክበብ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ለሕፃናት መጻሕፍት የሚሰበስብ በጎ አድራጎት ማኅበር መሥራች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የታናናሾቹ አስተማሪ። ፕሬዚዳንት ያልሆነ አመልካች ካጋጠማችሁ ክበቡ ገና ስላልተመሠረተ ነው። ይህን ሁሉ ደርድሮ ሲጨርስ መልሱን የሚጠብቀው ኢንተርኔት ላይ አንድም ቀን አይቶት ከማያውቅ ሰው ነው። መላሹም ብዙ ጊዜ በዚያው ዓመት ያመለከተ፣ እሱም በተራው ዕድሉን የሚያስገምት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል። አመልካቹ ለገዛ አጎቱ ግን የት የት እንዳመለከተ ትንፍሽ አይልም። ዓይን አለ፣ ወሬ አለ፣ «ሳይሆን ከተወራ ይከሽፋል» የምትል እናት አለች። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው እንዳይሰማ፣ የማያውቀው ሰው ደግሞ እንዲተነብይ ይደረጋል። እዚህ ላይ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ ጥያቄው መልስ የለውም፤ ስለዚህ ማንም በሚሰጠው መልስ ላይ ዕቅድ አይቆምም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። እኛ ያደግነው በመቁረጫ ነጥብ ነው። ማትሪክ የተፈተነ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩ ሲነገር ከመስመሩ በላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ከበታች ያለው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረው ጭምር፣ ነጥቡን ሰምቶ «ገብቷል» ወይም «ለጥቂት አመለጠው» ብሎ መፍረድ ይችል ነበር። ይህን ሚዛን ይዞ ውቅያኖስ የተሻገረ ወላጅ ሃርቫርድንም በዚያው ሊመዝን ቢነሣ አይፈረድበትም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ያሳስቱታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ወር ቆይቶ ሃርቫርድ ኮሌጅ ከ56,937 አመልካቾች 1,942ቱን መቀበሉን አስታወቀ፤ 3.4 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «ታዲያ ሃርቫርድ ከማትሪክ በምን ይከብዳል? እንዲያውም በጥቂት ይቀላል!» ቢል ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቁጥሮቹ አንድ ነገር የሚለኩ መስሎት ነው። ማትሪኩ መስመር ነበር፤ 900 ሺሁም 50 ቢያመጡ 900 ሺሁም ባለፉ፣ የሚጨነቀውም ዶርም የሚያከፋፍለው ክፍል በሆነ ነበር። ሃርቫርድ ግን ያለው ወንበር ነው። ሃምሳ ሰባት ሺሁም አመልካቾች አንስታይን ቢሆኑ የሚጠሩት ሁለት ሺህ ገደማ ናቸው፤ ሁሉም ሰነፍ ቢሆኑም ያው ሁለት ሺህ ገደማ። መስመር ለማለፍ የራስን ውጤት ማወቅ ይበቃል። ወንበር ለማግኘት ግን ሌሎቹ ምን እንዳላቸውና ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት ምን እንደጎደለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ለአመልካቹ አይነገሩም።

በመቶኛው ስለ ሰልፉ ርዝመት እንጂ ስለ ተሰላፊው የሚናገረው ነገር እንደሌለ ለማየት የኮሮናን ጊዜ ማስታወስ ነው። የፈተና ጣቢያዎች ሲዘጉ ሃርቫርድና ብጤዎቹ የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት ማቅረብን ግዴታ ማድረጉን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2020 መልስ የጠበቁት የሃርቫርድ አመልካቾች 40,248 ነበሩ፤ በዓመቱ ከ57 ሺህ በላይ ሆኑ። በአንድ ዓመት ውስጥ የዓለም ወጣት ይህን ያህል አልበዛም፤ ወንበሩም አልተነቃነቀም። ተቀባይነት ያገኙት ድርሻ ግን ከ4.9 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ታዲያ በ2020 ብርቱ የነበረ ተማሪ በ2021 በሲሶ ደከመ? ከተጨመሩት 17 ሺህ ሰዎች ብዙዎቹ «ፈተናውን ካልጠየቁኝማ እስቲ ልሞክር» ያሉ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ያኛውን ብርቱ ተማሪ ከወንበሩ የሚገፉት ደግሞ ጥቂቶቹ ናቸው። ሰልፉ እንዲረዝም ዩኒቨርሲቲዎቹም እጃቸው አለበት። የተማሪዎችን ስምና አድራሻ ኤስ.ኤ.ቲ.ን ከሚያዘጋጀው ከኮሌጅ ቦርድ ይገዙና ያማረ ደብዳቤ ይልካሉ። ፖስታው ቤት ሲደርስ እናት እልል ትላለች፤ ልጇን ትልቅ ቤት ፈልጎ መጣላት። በዚያው ቀን በስንት ሺህ ቤት እልል እንደተባለ ፖስታው ላይ አልተጻፈም። ደብዳቤው ልጇ እንዲያመለክት ይጋብዛል፤ ስለ መቀበል አንድም ቃል አይናገርም። የተጠራው ሁሉ ባመለከተ ቁጥር ደግሞ በመቶኛው ይወርዳል፤ በመቶኛው በወረደ ቁጥር ዩኒቨርሲቲው ይከበራል፤ በተከበረ ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት ሰልፍ ይረዝማል።

ያ አንድ ቁጥርም ቢሆን አንድ አይደለም። ስቱደንትስ ፎር ፌር አድሚሽንስ የተባለ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርቫርድን ከሶ፣ በ2018 ቦስተን ላይ ችሎት ሲሰየም፣ ዩኒቨርሲቲው ለዘመናት በጓዳ የያዘው ነገር በአደባባይ ተዘረገፈ። በአሠልጣኝ የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆች፣ በዲኑ ልዩ ዝርዝር የተያዙና የመምህራን ልጆች አንድ ላይ ሲደመሩ ከአመልካቾቹ 5 በመቶ አይሞሉም ነበር፤ ተቀባይነት ካገኙት ግን 30 በመቶ ያህል ነበሩ። ከተመለመሉት ስፖርተኞች 86 በመቶ ገደማ ተቀባይነት ያገኙ ነበር፤ ከቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ። ይህ ምጣኔ ዛሬም ይሠራል ብንልና ከላይ ባየነው 3.4 በመቶ ላይ ብናሰላው፣ አባቱ ታክሲ ነጂ፣ እናቱ ነርስ ለሆነችው ልጅ የሚተርፈው 2.5 በመቶ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከላይኛው አንድ በመቶ ባለጸጋ ቤተሰብ የመጣው በስመ ጥሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመማር ዕድሉ ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከአዲስ አበባ ለሚያመለክተው ሌላ ቀዳዳ አለ፤ በኤም.አይ.ቲ. ከውጭ አገር አመልካቾች ተቀባይነት የሚያገኙት ድርሻ ከአጠቃላዩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ «ዕድሌ ስንት ነው» ለሚል ልጅ የሚነገረው 3.4 በመቶ የማንም ዕድል አይደለም። በጀልባ ቀዘፋ የተመለመለውም፣ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ፍለጋ የተቀመጠውም አንድ ላይ ተደምረው ለሁለት የተካፈሉት ነው።

«የእኔ ልጅ ግን ሁሉ ነገሯ ኤ ነው» የሚል ወላጅ እዚህ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያው ክስ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመግባት ካመለከቱት 26 ሺህ ያህል የአሜሪካ ነዋሪዎች መካከል ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑት እንከን የሌለው ጂፒኤ ነበራቸው። ወደ 3,500 የሚሆኑት በኤስ.ኤ.ቲ. ሒሳብ፣ 2,700 የሚሆኑት በንባብና ቋንቋ ክፍሉ ከመቶ መቶ አምጥተዋል። ወንበሩ 1,600 ነበር። ሙሉ ጂፒኤ ያላቸውን ብቻ ላስገባ ቢል ሃርቫርድ አምስት ግቢ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ውጤቱ በር ላይ ካደረሰ በኋላ ሥራውን ጨርሶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመዘነው ሌላ ነው። የሃርቫርድ ማመልከቻ አንባቢዎች ለትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ለሚደረግ ተሳትፎ፣ ለስፖርትና ለሰብእና የተለያየ ደረጃ ይሰጣሉ፤ በመጨረሻም 40 ያህል አባላት ያሉት ኮሚቴ ድምፅ ይሰጣል። የሰብእናው ደረጃ የሚሰጠው ከመምህራን ደብዳቤ፣ ከቃለ መጠይቅና ልጁ ስለ ራሱ ከሚጽፈው ነው። ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃላት አይበልጥም። በዚህ ምክንያት በስደተኛ ቤት አዲስ ዓይነት የታሪክ ፍቅር ይታያል፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት የአባቱን የሱዳን የስደት ጉዞ ሰምቶ «አባዬ፣ ነግረኸኛል» ሲል የኖረው ልጅ በጥቅምት ወር ማስታወሻ ይዞ «ስንት ቀን ነው ግን በእግር የሄድከው? ውኃ አልቆባችሁ ነበር?» እያለ ይመረምረዋል። በአባት ትረካም ውኃው ለልጁ ሲባል ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል። ይህ ጽሑፍ በአንዲት አንባቢ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ያቺ አንባቢ በዚያን ቀን ስንተኛውን የስደት ታሪክ እያነበበች እንደሆነ፣ የትኛው ቀመር ያወጣዋል?

ቀመር የሞከረ አልጠፋም። በዚያው ክስ ከሳሾቹ የዱክ ዩኒቨርሲቲውን ፒተር አርሲዲያኮኖን፣ ሃርቫርድ ደግሞ የበርክሌዩን ዴቪድ ካርድን በባለሙያ ምስክርነት አቁመው ነበር። ሁለቱም በሙያቸው አንቱ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ናቸው፤ ካርድማ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ለሁለቱም የስድስት ዓመት የአመልካቾች መዝገብ ተሰጣቸው። ውጤታቸውን፣ የአንባቢዎቹን ደረጃ፣ የወላጆቻቸውን ሥራ፣ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ ሁሉ አዩ። ከዚያም አንዱ የእስያ ዝርያ ያላቸው አመልካቾች ተበድለዋል አለ፤ ሌላው አልተበደሉም አለ። ከልዩነታቸው ትልቁ ያ የሰብእና ደረጃ በስሌቱ ይግባ ወይስ ይውጣ የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳኛዋ ለሃርቫርድ ፈረዱ፤ በሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገልብጦ ዘርን በቅበላ ግምት ውስጥ ማስገባትን ከለከለ። ሁለት ሊቃውንት ሙሉ መዝገቡን ይዘው ነገሩ ካለቀ በኋላ እንኳ መስማማት ካልቻሉ፣ ከሦስት መስመር መግለጫ ተነሥቶ ገና ያልሆነውን «አርባ በመቶ አለህ፣ አይዞህ» የሚል ሰው ከየት አምጥቶ ነው? ውሳኔው ራሱም ሌላ ትምህርት ትቶልናል፤ ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ያለፈው ዓመት ገቢዎች ታሪክ ለዚህ ዓመት አመልካች መመሪያነቱ ያበቃል። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ «በዚህ በዚህ ገባ» የሚባለው ወሬ ግን ደንቡ ተለወጠ አልተለወጠ ከቤት ቤት መዞሩን አያቆምም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ አልሸሸውም። «መረጃ እኮ ከምንም ይሻላል» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቪያንስ በሚባል ፕሮግራም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ የቀድሞ ተማሪዎችን ውጤት በነጥብ በትነው ያሳያሉ፤ የገባው በአረንጓዴ፣ የቀረው በቀይ። ይህ ከንቱ ነገር ነው አልልም። በተለይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ትምህርት ቤት ከዚህ ውጤት በታች ተቀብሎ እንደማያውቅ ያሳያልና፣ ተስፋ የሌለበት ቦታ ላይ ጊዜና ገንዘብ ከማጥፋት ያድናል። ከአመልካቾቹ ግማሹን ለሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሥዕሉ በግልጽ ይናገራል፤ ከታች ቀይ፣ ከላይ አረንጓዴ። ወደ ሃርቫርድና ስታንፎርድ ሥዕል ሲመጣ ግን የላይኛው ጥግ፣ ጂፒኤውም ፈተናውም ሙሉ የሆነበት፣ ቀይና አረንጓዴ ተደባልቀው የሚታመሱበት ነው፤ ቀዩም ይበዛል። አረንጓዴዋ ነጥብ ቀዛፊ ትሁን የዲን ወዳጅ ልጅ አትናገርም። ስለዚህ መረጃው «አይሆንም» ለማለት ይጠቅማል፤ «ይሆናል» የሚል አፍ የለውም። ጠያቂዎቹ ደግሞ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። አይሆንም የተባለ ልጅ መላሹን ክፉ ብሎ ወደ ሌላ መላሽ ይሄዳል፤ ይሆናል እስኪባል ይጠይቃል፤ ሲባል መጠየቁን ያቆማል። በዚህ መንገድ የተገኘ ትንቢት ከመረጃ ይልቅ ለቡና ስኒ ይቀርባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሒሳብ ነው። የአሜሪካ የጋራ ማመልከቻ ቅጽ፣ ኮመን አፕ የሚሉት፣ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ማመልከት ይፈቅዳል። አባት ወረቀት አውጥቶ «ለአንዱ 5 በመቶ ከሆነ ለሃያው መቶ በመቶ ነው፤ አበቃ፣ ገብቷል» ይላል። ልጅየው ስታትስቲክስ ተምሯልና ያርመዋል፦ «የለም አባዬ፣ 64 በመቶ ነው።» አባት ከመቶ ወደ 64 መውረዱን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል እንጂ፣ የልጁም ስሌት የሚሠራው ሃያዎቹ ውሳኔዎች እርስ በርስ የማይተዋወቁ ከሆነ ብቻ ነው። ሃያዎቹ ኮሚቴዎች የሚያነቡት አንድ ልጅ ነው፤ የመምህራኑ ደብዳቤ ያው፣ ውጤቱ ያው፣ የሱዳን ጉዞውም ያው። የመጀመሪያውን አንባቢ ያላሳመነ ጉድለት ለሃያኛውም አንባቢ አለ። ሃያዎቹን ደግሞ በወጉ ለማመልከት ኮመን አፕ ላይ ካለው ዋና ጽሑፍ በተጨማሪ ብዙዎቹ የሚጠይቁትን «ለምን እኛን መረጥክ» የሚል ጽሑፍ መሙላት ያስፈልጋል። አሥራ ሰባተኛው ላይ የደረሰ ልጅ ለምን እንደመረጣቸው ቀርቶ ስማቸውንም ያምታታል፤ ለአንዱ የጻፈውን ለሌላው ሲልክ የሌላው ዩኒቨርሲቲ ስም ሳይፋቅ አብሮ ይሄዳል። የማመልከቻውም ክፍያ ቀልድ አይደለም። ሃርቫርድ ከጥቂት ዓመታት በፊት 85 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። አቅም ለሌለው ክፍያው እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል፤ ከ«ዕድሌ ስንት ነው» ይልቅ መጠየቅ የሚገባው አንዱ ጥያቄ ይህ ነው።

«እንግዲያው ነገሩ ሁሉ ሎተሪ ነው በለና!» የሚል አይጠፋም። በአንድ በኩል አይደለም፤ ሎተሪ የአባትን ስም አይጠይቅም፣ ቀዘፋም አይመለከትም። የሚመርጡት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸው ከአመልካቹ ወንበር አይታይም እንጂ። በሌላ በኩል ግን በሎተሪ ፊት እንዴት መቆም እንደሚገባ የሚያውቅ ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። የአሜሪካ መንግሥት ለዘመናት በዲቪ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ በዓለም ዙሪያ የሚሞላው ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። ዲቪ የሞላ ሰው ጎረቤቱን «ፊቴን አይተህ ስንት በመቶ ትሰጠኛለህ?» አይለውም። ፎቶውን በልኩ ያስነሣል፣ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያያል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን በጥንቃቄ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። ሲወጣለት ደስ ይለዋል፤ ሳይወጣለት ሲቀር ሰነፍ ነኝ ብሎ አያለቅስም። በእጁ ያለውን በጥንቃቄ ሠርቶ በእጁ የሌለውን ረስቶ ይኖራል። ይህን ጥበብ ለቪዛ ያዋለ ቤተሰብ ለዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሚጥለው፣ ዩኒቨርሲቲው ልጁን «መዝኖ» እምቢ ያለው ስለሚመስለው ነው። ያላዩትን ሰው ከ650 ቃላት የሚመዝን ሚዛን ቢኖር ግን አማች መምረጥ እንዴት በቀለለ ነበር!

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ እንዴት አይጨነቁ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ላይ ብልህ ንጽጽር አድርገዋል፤ ተመጣጣኝ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ወስደው፣ ገሚሶቹ ስመ ጥሩን፣ ገሚሶቹ ያን ያህል የማይመርጠውን ቢማሩ በኋላ ምን ያህል እንደሚያገኙ ተመለከቱ። በአማካይ የሚያገኙት ተቀራራቢ ነበር። እንደ እነሱ ግኝት ልጁን ያበለጸገው በአብዛኛው የግቢው በር ሳይሆን ወደ በሩ ያደረሰው የገዛ ጉልበቱ ነው። ሐቀኛ ለመሆን ግን ጥናቱ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ጥቅሙ ጎልቶ መታየቱን ተናግሯል፤ በኋላ ባወጡት ሥራም ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩት እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል። የቼቲ ቡድን ደግሞ ስመ ጥሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ ገቢን ብዙም ባይለውጡም ከገቢው ጫፍ የመድረስን ዕድል በእጅጉ ከፍ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ስለዚህ የስደተኛው አባት ጉጉት ሞኝነት አይደለም፤ ለእሱ ልጅ በሩ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግን «አመልክት» የሚል ነው፤ «ስንት በመቶ እንደሆነ ተጨነቅ» የሚል መደምደሚያ ከየትኛውም ጥናት አይወጣም። መጨነቁ በሩን አንድ ስንዝር አይከፍተውም።

ማስላት ለሚወድ ሰው የሚሰላ ነገር ሞልቷል። አንደኛው ገንዘቡ ነው። የአሜሪካ ሕግ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የወጪ ማስያ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል፤ የቤተሰቡን ገቢ አስገብቶ በዓመት ስንት እንደሚከፍል መገመት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት የገንዘቡ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪንም የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ከሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ሌሎች ግን እርዳታ መጠየቁ ራሱ ውሳኔው ላይ ይገባል። ስለዚህ «ስሙ ትንሽ ነው፣ እዚያማ እገባለሁ» የተባለ ኮሌጅ ገንዘብ ለሌለው ልጅ ከሃርቫርድ ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛው የሚሰላ ነገር እርግጠኛ በር ነው። በመስመር የሚሠራ መግቢያ አሜሪካም አለ። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ከትምህርት ቤቱ ከፍተኛ 10 በመቶ ውስጥ የወጣ ተማሪ በክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገባ ደንግጋለች፤ ኦስቲን ያለው ዋናው ብቻ መስመሩን ጠበቅ አድርጎታል። በቨርጂኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ተምሮ የተወሰነ ጂፒኤ የያዘ ተማሪ፣ በስምምነታቸው መሠረት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ወደ ታላላቆቹ የመዛወር ዋስትና አለው። አሌክሳንድሪያና አናንዴል ላሉ ወገኖቻችን ይህ በአውቶቡስ የሚደረስበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ የመቁረጫ ነጥብ ልምዳችን በቀጥታ ይሠራል፤ አባትም ወረቀቱን አውጥቶ ቢያሰላ ማንም አያርመውም።

ልጁ ያላየው ሰው የሰጠውን አርባ በመቶ ይዞ ሃያ ስመ ጥር ቤቶች ላይ ሲሞላ፣ ዋስትና ያለውን በር «ለእኔ አይመጥንም» ብሎ መዝለሉ ግን ክፉኛ ይጎዳዋል። መጋቢት ሲመጣ ሃያ የእምቢታ ደብዳቤ ታቅፎ ይቀራል፤ የተነበዩለት ሰዎችም ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች እየተነበዩ ነው። ደፍሮ ማመልከቱን እደግፋለሁ፤ ለማይታወቀው በር ሦስት አራት ቦታ መያዝ ወግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡ ሊከፍለው የሚችል፣ መስመሩ የታወቀና ልጁ ከልቡ ሊማርበት የሚወድ አንድ ኮሌጅ መገኘት አለበት። እሱ ከተያዘ የሃርቫርድ ቅጽ ሳይጨነቁ የሚሞላ ወረቀት ይሆናል። አጎቶችና አክስቶችም ብትተባበሩ መልካም ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ ስልክ ስትደውሉ «ገባህ ወይ?» አትበሉ፤ «የት ልትማር ነው?» በሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ እርግጠኛ በር የያዘ ልጅ ሁሉ ቀና ብሎ ይመልሰዋል። 56,937 ሰው ባመለከተበት በዚያ ዓመት ሃርቫርድ ያልተቀበላቸው 54,995 ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ውጤታቸው እንከን የሌለው በሺህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ አመልካች ሆይ፣ ቅጹን በጥንቃቄ ሙላ፣ ገንዘቡን ከወላጆችህ ጋር አስላ፣ እርግጠኛውን በር ቀድመህ ያዝ። ስንት በመቶ እንደምትገባ ግን ማንንም አትጠይቅ፤ የሚያውቅ የለም።